የዘይነብ ሳል

አፀደ ከዊንጌት ፌርማታ እስከ ሆስፒታሉ በር ያለውን ዳገት ድሮ ሳታስበው ነበር የምትወጣው። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ግን መሀል ላይ ቆም እያለች፣ ነጠላዋን የምታስተካክል መስላ፣ እግሯን ማሳረፍ ጀመረች። የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ነርስ ናት። አብረዋት ከሚሠሩት ነርሶች ገሚሶቹ በሰሜን ወዳሉት የጦር ሆስፒታሎች ተልከዋል። የቀሩት የሁለት ሰው ሥራ ይሠራሉ፤ እሷ ደግሞ ኃላፊ ነሽ ተብላ የእነሱንም ጉድለት ትሞላለች። ከሥራ ስትወጣ የቀበሌ ስብሰባ ይጠብቃታል፤ ስብሰባ በሌለበት ቀን የኅብረት ሱቅ የስኳር ሰልፍ አለ። አንድ ልጇ ዓምሃ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ጎረቤት ሲጠይቃት «ደህና ነው» ትላለች። ደህና ይሁን አይሁን አታውቅም፤ ግን «አላውቅም» ማለት ሟርት ይመስላታል።

እንዲህ ሆና ሳለች ነው ዘይነብ እጇ ላይ የወደቀችው።

በዚያ ዓመት ጥቂት የቡልጋሪያ ሐኪሞች ሆስፒታሉ ውስጥ ሰንብተው ነበር። ሥራቸው የልብ ቀዶ ሕክምና ነው። በልጅነቱ ጉሮሮውን ታሞ፣ ሕመሙ ሳይታወቅ ወደ ልቡ ወርዶ የልቡ በር የጠበበበት ሰው በከተማው ሞልቷል፤ ዳገት የማይወጣ፣ ተጋድሞ የማይተኛ፣ ሲያስል ደም የሚተፋ። ሐኪሙ የእንዲህ ያለውን ሰው ግራ ጎን ከፍቶ፣ ጣቱን ወደ ልቡ አስገብቶ፣ የተጣበቀችውን በር ያላቅቃታል። አፀደ አንድ ቀን ገብታ አይታለች። ይህን ያህል ዘመን ነርስ ሆና ስትኖር የሰው ልብ ሲመታ በዓይኗ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበርና ያን ዕለት ምሳ አልወረደላትም።

ከሐኪሞቹ ጋር አንዲት ደንዳና፣ ሳቂታ ነርስ መጥታ ነበር። በሽተኛው ከተሰፋ በኋላ ምን እንደሚደረግለት ለአፀደና ለባልደረቦቿ ያሳየችው እሷ ናት። አስተርጓሚ ተብሎ የተመደበው ልጅ ሶፍያ ተምሮ ይምጣ እንጂ የተማረው የወይን እርሻ ስለሆነ፣ የሕክምናው ቃል በመጣ ቁጥር «እንግዲህ እንደዚህ አድርጉ ነው የምትለው» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ነርሷ የምታስተምረው በእጇ ነበር። በሽተኛውን ቀና አድርጋ ታስቀምጠዋለች፤ ትራስ ታስታቅፈውና አስል ትለዋለች፤ ቀጥላ ከአልጋው አውርዳ፣ ቱቦውንና ጠርሙሱን ይዛለት፣ ታራምደዋለች። ነርሶቹ ያዩትን ያዙ። ለምን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። አንደኛ አስተርጓሚው አይችልም። ሁለተኛ ደግሞ፣ ያን ያህል ዘመን ቆብ ደፍቶ በባዕድ ሰው ፊት አላውቅም ማለት ማንን ደስ ይለዋል።

ሐኪሞቹ ጊዜያቸው አልቆ ሲሄዱ ሁለት በሽተኞች ትተው ሄዱ። ከትልቁ ክፍል ጥግ፣ በመጋረጃ በተለየች ቦታ፣ ፊት ለፊት ተኝተዋል። አንዱ ሾዴ የሚባል የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። ሁለተኛዋ ከመሄዳቸው በፊት መጨረሻ ላይ የታከመችው ዘይነብ ናት።

ሾዴ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር። ቡልጋሪያዊቷ ነርስ በነበረችበት ጊዜ እየሳቀ ይራመድላት ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ደከመኝ አለ፤ ነርሶቹም እሰይ ይረፍ ብለው ተዉት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሚስቱ ጋር እያወራ ሳለ ድንገት ትንፋሽ አጠረው። ደረቱን ይዞ ቀና ለማለት ሞከረ። ሐኪም እስኪጠራ እንኳ አልቆየም። ዘይነብ ይህን ሁሉ ከፊት ለፊት አልጋ ላይ ሆና አየች።

ከዚያ ወዲያ በክፍሉ ውስጥ የተወራው አንድ ነው፤ ያልጠገገ ልብ ይዞ ተራመድ ስላሉት ነው የሞተው ተባለ። አፀደ በሆዷ ስለተጋደመ ነው ትላለች። ግን እርግጠኛ አልነበረችም፤ እርግጠኛ ያልሆነችበትን ነገር ይዛ ከሰው ጋር ለመከራከር ደግሞ ጉልበቱ የላትም። ነርሶቹ ወደ ዘይነብ አልጋ ሲመጡ ሕፃን እንደተኛበት ቤት በእግር ጣታቸው ሆነ። መድኃኒት ይሰጣሉ፤ ሙቀት ይለካሉ፤ ይሄዳሉ።

የዘይነብ አባት አቶ ሸፊ ሽሮ ሜዳ ላይ የጋቢና የነጠላ ሱቅ አላቸው። ሚስታቸውን በዚሁ በትንፋሽ ማጠር ነው የቀበሩት። ልጃቸውም እንደ እናቷ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት፣ ከናፍሯ ሲጠቁር ባዩ ጊዜ፣ ያልሄዱበት ሐኪም፣ ያልጠየቁት ሼህ አልነበረም። አሁን ሱቁን ለወንድማቸው ትተው ከጠዋት እስከ ማታ አልጋዋ ሥር ይቀመጣሉ። ሾዴንም ያውቁት ነበር፤ ጋቢ ያመጣላቸው ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ሰው ወደ ዘይነብ ሲጠጋ ከወንበራቸው ብድግ ማለት አመጡ።

ጸቡ የተጀመረው በጠርሙሱ ነው። ከዘይነብ ጎን አንድ ቱቦ ወጥቶ መሬት ላይ ወደተቀመጠ፣ ውሃ ወዳለበት ጠርሙስ ይገባል። በደረቷ ውስጥ የተጠራቀመው ደምና አየር የሚወጣው በዚያ ነው። አንድ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ስታጥብ አቶ ሸፊ ጠርሙሱ እንዳይቆሽሽ ብለው አንስተው ከራስጌዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። አፀደ ያን ጊዜ ገባች። ሮጣ ጠርሙሱን ወደ መሬት መለሰችና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ማን ንካ አለዎት ብላ ጮኸችባቸው። ሽማግሌው በልጃቸው ፊት አንገታቸውን ደፉ። ለምን መነካት እንደሌለበት አልነገረቻቸውም። ሥራ ከገባች ጀምሮ ቁጭ አላለችም፤ በዚያ ላይ ደንግጣለች።

በዚያው ስሜቷ ወደ ዘይነብ ዞረች። ልጅቷ ጠፍጣፋ ተጋድማለች፤ ትንፋሿ አጭር አጭር ነው። አፀደ በብብቷ ይዛ ቀና አደረገቻት፣ ትራሱን አስታቀፈቻትና «አስዪ» አለቻት። ዘይነብ አንዴ ሞከረችና ቁስሉ ሲወጋት ጮኸች። አፀደ ደገመች፤ አስዪ። ልጅቷ አለቀሰች። ታየች የምትባለው ወጣት ነርስ ከአጠገባቸው ቆማ ነበርና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አቶ ሸፊ የአፀደን እጅ ይዘው ከልጃቸው ላይ አነሱት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ከብት እንኳ ሲታመም እንዲህ አይያዝም» አሉ።

ከዚያ ተነስተው ወደ አስተዳደሩ ሄዱ።

የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ጓድ መሸሻ አፀደን አስጠሩ። ይቆጡኛል ብላ ነበር የገባችው፤ እሳቸው ግን ወንበር ሰጧት። የሾዴ ነገር ገና አልበረደም አሉ። የሸማኔዎች ማኅበር ሰዎች መጥተው ጠይቀዋል፤ ከበላይም ተጠይቋል። አሁን ደግሞ ይህቺ ልጅ በግድ ስትነሳ አንድ ነገር ብትሆን መልሱ ምንድን ነው? ዘመዶቿ ትረፍ ካሉ ትረፍ። አፀደ አፏን ከፈተች። ልትናገር የምትችለው ግን ቡልጋሪያዊቷ እንዲህ ስታደርግ አይቻለሁ የሚለውን ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ለሾዴም አድርጋለች፤ ሾዴም ሞቷል።

«እሺ ጓድ» ብላ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ስትሄድ የተሰማት ንዴት አልነበረም። የአንድ አልጋ ጭንቀት ስለቀነሰላት ቀለል አላት፤ ቀለል ስላላትም አፈረች። ዘይነብን ለታየች ሰጠቻት።

ታየች ከትምህርት ቤት ከወጣች ብዙ ያልሆናት፣ እጇ የለሰለሰ ልጅ ናት። ዘይነብን በሞቀ ውሃ ፊቷን ታጥባታለች፣ ጸጉሯን ትጎነጉንላታለች፣ ሾርባውን በማንኪያ በማንኪያ ታጠጣታለች። ልጅቷ ስትተኛ መጋረጃውን ትስባለች። አቶ ሸፊ መረቋት። ሌሎቹም ነርሶች እውነተኛ አስታማሚ ማለት ይህች ናት አሉ። አፀደ በሩቅ ታያለች። እኔም ድሮ እንዲህ ነበርኩ ትላለች በልቧ፤ ወዲያው ደግሞ ነበርኩ ወይ ብላ ራሷን ትጠይቃለች። መጀመሪያ ሥራ የገባች ጊዜ አንድ ሕፃን ሲሞትባት ሦስት ቀን እንዳለቀሰች ታስታውሳለች። አሁን ሰው ሲሞት መጀመሪያ የምታስበው አልጋው ለማን እንደሚፈለግ ነው።

ዘይነብ በእረፍቱ አልዳነችም። መጀመሪያ ሾርባውን እምቢ አለች። ከዚያ ሙቀቷ ወጣ። ጉንጯ ሲቀላ አባቷ ደሟ ተመለሰ ብለው ደስ ብሏቸው ነበር። አንድ ጠዋት አፀደ ቆቧን ሳታደርግ ገና ታየች እየሮጠች መጣች። ዓይኗ ደም ለብሷል።

«ሲስተር፣ ዘይነብ ልትሞትብኝ ነው» አለች። «ምንም ሳላጎድልባት።»

አፀደ ሄዳ አየቻት። ልጅቷ ትንፋሿን የምትስበው ከአንገቷ በላይ ብቻ ነው፤ የአፍንጫዋ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ ይዘጋሉ። ስታናግራት በዓይኗ ነው የመለሰችላት። አፀደ ጓድ መሸሻንም ምንንም አላሰበችም፤ ዶክተር ስብሐትን ይጥሩልኝ አለች።

ዶክተር ስብሐት ልጅ እግር ነው። ትልልቆቹ ሐኪሞች አንድም ግንባር፣ አንድም ውጭ አገር ስለሄዱ ሦስት ክፍል በእሱ ላይ ወድቋል፤ ለዘይነብ አልጋ የሚተርፈው ጊዜ በር ላይ ቆሞ እንዴት ናት ብሎ እስከመጠየቅ ብቻ ነበር፤ ደህና ናት ሲሉት ያምናል። ያን ዕለት ከአንዱ ቀዶ ሕክምና ወጥቶ ወደ ሌላው ሊገባ ሲል ነው የደረሱበት። የዘይነብን ጀርባ አዳመጠ፤ በጣቱ እየመታ አዳመጠ። ከግራ በኩል የሳንባዋ የታችኛው ክፍል አየር አያስገባም አለ። ተዘግቷል፤ አክታ ሞልቶበት ማመርቀዝ ጀምሯል። ፔኒሲሊኑ እንዲጨመር አዘዘና ወደ ነርሶቹ ዞረ። ማሳልና መነሳት ነበረባት፤ አልተነገራችሁም ወይ ብሎ ጠየቀ።

የመለሰችው ታየች ናት።

«ልቧ ቢተረተርስ ብለን ነው፣ ዶክተር።»

አንዷ ነርስ የሾዴን ስም አነሳች። ዶክተሩ ፊቱ ሲለወጥ አፀደ አየች። የሚሳደብ መሰላት። ቢሳደብ ደግሞ ያው እንደተለመደው ሁሉም አንገቱን ይደፋል፣ እሱ ይሄዳል፣ እሷ ትዕዛዙን በጩኸት ታስፈጽማለች፣ ልጅቷ ታለቅሳለች። ይህ ሁሉ ገና ሳይሆን ደከማት። ታናናሾቿ ሁሉ ቆመው እያዩዋት ነበር።

«እኔም አላውቅም» አለች። «ያሳዩኝን ነው የማደርገው። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አሁን ይንገሩን። እሳቸውም ይስሙ።» በእጇ አቶ ሸፊን አሳየች።

ዶክተር ስብሐት ሰዓቱን አየ። ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩ። እንዲቆዩ ላከባቸውና የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ።

ልብ ቀንም ሌትም ሲዘል የሚኖር ሥጋ ነው አላቸው። ክሩ የተሰፋው ያንን ዝላይ እንዲችል ተደርጎ ነው፤ በሳል አይተረተርም። ሕመሙ ያለው ከልቡ አይደለም፤ ከተቆረጠው ጎንና ከተፈለቀቀው አጥንት ነው። ሰው ሲያመው ትንፋሹን ያሳጥራል። ትንፋሹ ሲያጥር የሳንባው ታች ሳይከፈት ይቀርና እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ አክታው እዚያው ይቀመጣል፣ ይበላሻል። እግር ደግሞ ሳይንቀሳቀስ ከከረመ ደሙ ይረጋል፤ የረጋው ደም አንድ ቀን ተነስቶ ወደ ሳንባ ቢወጣ በደቂቃ ይገድላል። ጠርሙሱም እንዲሁ፤ ውሃ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ ስለማይሄድ ነው ከመሬት የሚቀመጠው፤ ከደረቷ በላይ ከተነሳ ወደ ውስጥ ይመለስባታል።

«ሾዴ በዚያ ይሆን የሞተው?» አለች አፀደ።

«ሊሆን ይችላል። ሳይመረመር ስለተቀበረ ማወቅ አልችልም» አለ። ቀጥሎም ቀስ ብሎ፣ ከሁሉም በፊት ይህን መጥቼ ልነግራችሁ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ አለ። እሱም ደክሞት ነበር፤ ከዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

አቶ ሸፊ እስከዚያ ድረስ ቆመው ነበር የሚሰሙት።

«እርጥብ ጋቢ አጣጥፈው ካስቀመጡት ይሻግታል» አሉ እንደ ለራሳቸው። «መዘርጋት አለበት በሉኛ።»

«እንደዚያ ነው አባቴ» አለ ዶክተሩ።

ሊሄድ ሲነሳ አንድ ነገር ጨመረ። ከማሳሏ በፊት የሕመም ማስታገሻው መርፌ ይሰጣት፤ እስኪሠራ ይጠበቅ፤ ከዚያ ትነሳ። መርፌው እጥረት ስላለበት አፀደ ራሷ ነበረች ቆልፋ የምታስቀምጠው። የባሰ ለታመመ ይቆይ ብላ ነው። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሕመም የሚቻል ነገር ነው የሚል እምነት ከብዙ ጊዜ ጀምሮ አድሮባታል። የቆለፈችውን ከፍታ መርፌውን አመጣች።

ጠበቁ። አፀደ ወንበር ስባ ዘይነብ አጠገብ ተቀመጠች። ልጅቷ አልጋ ላይ ከዋለች ጀምሮ አጠገቧ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ያምማል፤ አልዋሽሽም» አለቻት። «ቁስሉ ግን አይፈታም። ሰምተሻል፣ ዶክተሩ ያሉትን።»

ዘይነብ ቃላቱን በትንፋሽ እየቆረጠች መለሰች። «እኔ እኮ... የፈራሁት... ሕመሙን አይደለም። ሾዴ እያወራ ነበር። ለእኔም... ሙዝ ላኪላት እያለ... ለሚስቱ።»

አፀደ ይህን አታውቅም ነበር። ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፊት ለፊት ያለውን ባዶ አልጋ እያየች እንደምትውል፣ ሳትንቀሳቀስ የምትተኛውም የሞት ተራ እንዳይደርሳት ድምፅ ላለማሰማት ያህል እንደሆነ፣ ማንም አልጠየቃትምና ለማንም አልተናገረችም። አፀደ ለሰው አዝኖ የሚናገር አፍ ከጠፋባት ቆይቷል። የልጅቷን እጅ ያዘች። ከዚያ ተነስታ ያንን ባዶ አልጋ ከታየች ጋር ገፍታ ከመጋረጃው ውጭ አወጣችው።

መርፌው ሲሠራ ታየችን አልጋው ላይ፣ ከልጅቷ ጀርባ አስቀመጠቻት፤ ዘይነብ ደረቷ ላይ ተደግፋ ቀና እንድትል። ትራሱን ከቁስሉ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ደገፈችው። አቶ ሸፊን ጠራችና እጃቸውን ከእጇ በላይ አስደረገቻቸው፤ ምን ያህል መጫን እንዳለበት በዚያ ተማሩ። ትልቅ ትንፋሽ ሳቢ አለቻት። አንዴ፣ ሁለቴ። «አሁን።»

የመጀመሪያው ሳል ሳል አይባልም። ሁለተኛው ልጅቷን እጥፍ አደረጋት። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ትራሱን ይዘዋል፤ ከንፈራቸው ዱዓ ያደርጋል። ታየች ጆሮዋ ሥር «አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ» እያለች ትደጋግማለች። በሦስተኛው ከጥልቅ የመጣ ነገር ተነቅሎ ወጣና አፀደ በያዘችው ሳህን ላይ ወደቀ፤ ወፍራም፣ ዝገት የመሰለ። አፀደ ሳህኑን ለሁሉም አሳየች። ይህ ነው ሲያፍናት የነበረው አለች። ነርሶቹ ተጠግተው አዩ።

ዘይነብ ላብ በላብ ሆና ወደ ኋላ ተደገፈች። ከደረቷ እስከ ሆዷ የደረሰ ትንፋሽ ሳበች። ሌላ ምንም አልሆነም።

በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ አልነበረም። በነጋታውም፣ በሳልስቱም፣ ጠዋትም ከሰዓትም ነበር። አንዳንዴ ዘይነብ እምቢ ትላለች፤ አንዳንዴ አፀደ ትዕግሥቷ አልቆ ድምፅዋ ይሻክራል። ያን ጊዜ ታየች ወደ ፊት ትመጣለች። ታየች አዝና ልትተዋት ስትል ደግሞ አፀደ በዓይኗ ትቆጣታለች። ጓድ መሸሻ አንድ ቀን ብቅ ብለው ልጅቷ በሁለት ሰው ተደግፋ በክፍሉ ውስጥ ስትራመድ አዩ፤ ጠርሙሱን ከኋላ ተሸክመው የሚከተሉት ክስ ያቀረቡት አባቷ ናቸው። አስተዳዳሪው ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። ሙቀቷ ቀስ እያለ ወረደ። ቱቦው ወጣ። እስከ መስኮቱ ሄዳ ቆማ የእንጦጦን ተዳፋት ያየች ዕለት፣ አሁን ያንን ሁሉ ዳገት እወጣለሁ ማለት ነው ብላ ጠየቀች፤ ታየች ሳቀች።

ዘይነብ ከሆስፒታል በወጣች ጊዜ አቶ ሸፊ ሁሉንም እየዞሩ ጨበጡ። አፀደ ጋ ሲደርሱ እጇን ከሌሎቹ ይልቅ ጥቂት አቆዩት። ስለዚያ ስለ ጠርሙሱ ቀን እሷም አላነሳች፣ እሳቸውም አላነሱ።

ቡልጋሪያውያኑ ተመልሰው ይመጣሉ ተብሎ ነበር። አልመጡም። ታየችም ብዙ አልቆየች፤ ስሟ ከዘማቾቹ ጋር ወጣና ወደ ሰሜን ተላከች። ለመሰናበት ስትመጣ አፀደ ደረቱን ቆስሎ የሚመጣ ወታደር ሁሉ ያው መሆኑን ነገረቻት፤ መርፌ፣ ትራስ፣ ሳል፣ መነሳት። ለምን እንደሆነም ንገሪያቸው አለቻት። ታየች የዓምሃን ክፍለ ጦር ስም ጠየቀቻት። አፀደ ነገረቻት፤ ልጅቷ በአፏ ደጋግማ አጠናችው። ከዚያ አፀደ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ያን ዕለት ከታየች ሌላ አንዲት ነርስም ጎድላ ነበር።

ዘይነብ በየወሩ እየመጣች የፔኒሲሊን መርፌ እንድትወጋ ታዝዛለች። አንድ ጊዜ መጣች። በሚቀጥለው ወር ቀረች። አፀደ አንድ ሳምንት ጠበቀች፤ ሌላም ጠበቀች። ሰው ልካ ማስጠራት ትችል ነበር። የሚላክ ሰው ግን እንኳ የለም። አንድ ቅዳሜ ተረኛነቷን ከሰዓት በኋላ እንደጨረሰች ወደ ቤቷ በምትሄድበት ፈንታ በውይይት ታክሲ ተጨናንቃ ሽሮ ሜዳ ወጣች።

ሱቁን ጠይቃ አገኘችው። ዘይነብ በር ላይ ቆማ ለሁለት ሴቶች ነጠላ ትዘረጋለች፤ ጉንጯ ሞልቷል። አፀደን ስታይ እንደ ተማሪ ደነገጠች። አቶ ሸፊ ከውስጥ ወጥተው ተቀበሏት፤ ከተደራረቡት ጋቢዎች አጠገብ ዝቅ ያለች መቀመጫ ሰጧት።

«ድናለች እኮ ሲስተር» አሉ፣ ነገሩ ሲገባቸው። «ዳገቱን ከእኔ ቀድማ ነው የምትወጣው። መርፌው ደግሞ እግሯን እያመማት...»

ድሮ ቢሆን ትቆጣ ነበር። አሁን ቁጣውም ጉልበት ይፈልጋል። ተቀምጣ አስረዳቻቸው። ሐኪሞቹ በሩን ከፈቱት እንጂ በሽታውን ከሥሩ አልነቀሉትም። መጀመሪያ ልቧን ያጠቃው ያ የጉሮሮ ሕመም ነው፤ ዳግም ከመጣባት የተከፈተችው በር ተመልሳ ትጠባለች። ያን ጊዜ የሚከፍታት ቡልጋሪያዊ የለም። መርፌው የሚጠብቃት ከዚያ ነው። ያምማል፤ በሞቀ ጨርቅ መያዝ ነው፤ በማግስቱ ይለቃል።

አቶ ሸፊ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ስንት ዓመት ብለው ጠየቁ። ብዙ ዓመት አለቻቸው። ሰኞ ራሴ ይዣት እመጣለሁ አሉ። ዘይነብም ከበሩ ላይ ሆና አንገቷን ነቀነቀች፤ አፀደ በዓይኗ በያዘቻት ጊዜ ደግሞ በአፏ እሺ አለች። ከዚያ ከጎረቤት ሻይ ላምጣ ብላ ወጣች።

አፀደ ሻዩን ጠጥቼ እነሳለሁ ብላ ወደ ጋቢዎቹ ክምር ደገፍ አለች። አዲስ የተፈተለ ጥጥ ይሸታል። አቶ ሸፊ ስለ ልጇ ጠየቋት። አፀደ ደህና ነው ልትል ጀመረችና ተወችው፤ ወሬው ከጠፋ መቆየቱን ነገረቻቸው። ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር። ሽማግሌው አላህ ይመልስልሽ አሉ፤ ሌላም ነገር አሉ፤ እሷ ግን ዓይኗ ተከድኖ ነበርና መጨረሻውን አልሰማችውም።

ዘይነብ ሻዩን ይዛ ስትመለስ አባቷ በእጃቸው ቀስ እንድትል አሳዩዋት። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠችና በሳህን ከደነችው። ከበሩ ላይ ሁለቱ ሴቶች በነጠላው ጥለት ገና ይከራከሩ ነበር። አቶ ሸፊ ወጥተው ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉላቸው ለመኗቸው።